የዓሣ ሱቃችን ለምን ለኮራል ሰው አይሆንም? ከጎንደር ንዴቴን ልወጣ

ኖራ_በውሃ፦

ሰላም ለቤቱ። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ የዓሣ ሱቅ ጎራ አልኩ። ስሙን አልጠራም። የፈለግኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የባህር ጨውና የአልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅም) መለኪያ። ልጁ "ጨው" ስለው ሳቀ። "ማዶ ሸቀጣ ሸቀጥ ቤት አለልህ" አለኝ። መለኪያውን ስለው ከመሳቢያ የፒኤች ወረቀት አወጣ፣ አሲድነትን ብቻ የሚያሳየውን። ጊዜው ካለፈበት ሁለት ዓመት ሆኖታል። "ይሠራል ግን" ብሎ አጽናናኝ።

ለማታውቁኝ፣ ማራኪ ሰፈር ነው የምኖረው፣ ከቤተሰብ ጋር። 90 ሊትር የጨው ውሃ ገንዳ አለኝ፤ ሳሎን ውስጥ ከቡፌው ጎን ነው የቆመው። ውስጡ የእንጉዳይ ኮራል፣ ዞአንቲድና ዜንያ አለ። ሁሉም ለስላሳ የሚባሉት፣ የድንጋይ አጥንት የማይሠሩት ኮራሎች ናቸው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ደግ ሰው ነው ቆርጦ የሰጠኝ (እዚሁ ቤት አለ፣ ሲመጣ ታዩታላችሁ)። ጠንካራው ኮራል፣ አክሮፖራ ምናምን፣ ለኔ ገና ሕልም ነው።

ለምን ሕልም ሆነ? ኮራል እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከብርሃን ምግብ ይሠሩለታል። ስለዚህ መብራቱ ልክ መሆን አለበት። ውሃው በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ይፈልጋል። ሙቀቱ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ። አልካሊኒቲው 8 ወይ 9 dKH (መለኪያ አሃዱ ነው)፣ ካልሲየሙ በሊትር 420 ሚሊግራም አካባቢ፣ ማግኒዚየሙ 1300 ሚሊግራም አካባቢ። ትንሽ ከፍ ዝቅ ያለ ቁጥር አይገድለውም፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚል ቁጥር ነው የሚገድለው። ጎልድፊሽ ውሃው ሲበላሽበት ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል። ታየዋለህ፣ ትደርስለታለህ። ኮራል ግን ዝም ነው። ዝም፣ ዝም፣ ዝም ብሎ አንድ ጠዋት ነጭ አጥንት ሆኖ ይጠብቅሃል።

ሌላም ቂም አለኝ። ከስድስት ወር በፊት እዚያው ሱቅ ክላውንፊሽ (የባህር ዓሣ ነው፣ ያኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያመጡት) ገዛሁ። ከነከረጢቱ ውሃ ገንዳዬ ውስጥ ገለበጥኩት። በማግስቱ አራቱም ቀንድ አውጣዎቼ በጀርባቸው ተንጋለዋል። ዜንያው ጣቶቹን ሰብስቦ ቡጢ ሆኗል። ለካ ሱቁ ውሃው ውስጥ የመዳብ መድኃኒት ይጨምራል። መዳብ ዓሣን ከበሽታ ያድናል፤ ቀንድ አውጣን፣ ሽሪምፕንና ኮራልን ግን ይጨርሳል። ማንም ትንፍሽ አላለልኝም።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ብር ይዞ የመጣ ደንበኛ አለ። ለምንድነው አንድ ባልዲ ጨው እንኳ የማያመጡት? ስንፍና ነው? ንቀት ነው? ምንድነው?

ዝም_ብዬ_አነባለሁ፦

እናትህ ሳሎናቸው ውስጥ 90 ሊትር የጨው ውሃ ተቀምጦ እያዩ ዝም ካሉ አንተ የምትመካው በኮራል ሳይሆን በእናት ነው።

ኖራ_በውሃ፦

ዝም አላለችም። እሱን በኋላ አወራችኋለሁ።

ሰሙና_በር፦

ይቅርታ፣ እኔ ጀማሪ ነኝ፣ ገንዳም ገና አልገዛሁም። የአፋር ጨው ለምን አይሆንም? እሱም የባህር ጨው አይደል? አሞሌ ፈጭቶ መበጥበጥ ነው እንጂ ዱባይ ድረስ ምን ያስኬዳል?

አዲስ_ሪፍ፦

እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ሁላችንም በልባችን ጠይቀነዋል፣ አንቺ ደፍረሽ ጻፍሽው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባህር ውሃ ውስጥ ካለው ጨው ከ100 እጅ 85 ገደማው ክሎራይድና ሶዲየም ነው፣ ማለትም የወጥ ጨው። ቀሪው ሰልፌት፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ጥቃቅን ነገር ነው። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው በዚያ ቀሪ ነው።

ባህር ሲደርቅ ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ አይረጋም። መጀመሪያ ጂፕሰም ሆኖ ካልሲየሙ ይቀመጣል። ከዚያ የወጥ ጨው። የማግኒዚየምና የፖታሲየም ጨዎች መጨረሻ ላይ ነው የሚረጉት። ስለዚህ አሞሌ የሚቆረጥበት ንብርብር በአብዛኛው የወጥ ጨው ብቻ ነው። ወንድሞቹ ወይ ከሥሩ ወይ ከላዩ ቀርተዋል። በጥብጠሽ 35 ግራም በሊትር ብታደርጊው ሬፍራክቶሜትሩ (የጨው መጠን መለኪያው) "ልክ ነው" ይልሻል። ኮራሉ ግን አይልሽም።

የሱፐርማርኬቱ ጨው ላይ ደግሞ አዮዲን ተጨምሮበታል፤ እንዳይጋገር የሚከላከል ነገርም ያለበት አለ። ለወጥ ተዪው።

ኖራ፣ የሰጠሁህ ዜንያ ከመዳቡ ተርፎ ከሆነ እሱ ኮራል አይደለም፣ አረም ነው።

ኖራ_በውሃ፦

ተርፏል! አሁን የፓምፑን አፍ እየደፈነ ነው። ሁለት ሰው ቆርጬ ሰጥቻለሁ፣ አንዱ አዘዞ፣ አንዱ ቀበሌ 18።

ባለገንዳው፦

ልጆች፣ እኔ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም ነበር። ዛሬ ግን ልጻፍ። ጎንደር ውስጥ ዓሣ እሸጣለሁ። የተባለው ሱቅ የኔ ነው አልልም፣ አይደለምም አልልም።

የጨዉን ነገር መጀመሪያ እንተሳሰብ። 90 ሊትር ገንዳ ነው ያለህ። በሳምንት ከ10 እጅ አንዱን፣ 9 ሊትር፣ ትቀይራለህ እንበል። በሊትር 35 ግራም ስናስበው 315 ግራም ጨው ነው። በወር አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም። ጨዉ የሚመጣው ግን በ20 ኪሎ ባልዲ ነው። አንድ ባልዲ ባመጣልህ ብቻህን ከዓመት በላይ ትፈጅበታለህ። ባልዲው በተከፈተ ቁጥር እርጥበት ይገባዋል፣ በክረምት ይጋገራል፣ በመዶሻ የሚሰበር ድንጋይ ይሆናል። ታዲያ ብሬን አንድ ዓመት ሙሉ ባልዲ ውስጥ አስሬ ምን ልብላ?

ደግሞ ዶላሩ አለ። በሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ወራት ከ100 አለፈ። የኮራል መብራት፣ ፓምፕ፣ ጨው፣ መለኪያ፣ ሁሉም የሚገባው በዶላር ነው። ጎልድፊሽና ጉፒ ግን እኔው ጓሮዬ አራባለሁ።

ሱቁን የሚያቆመው ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ልጇ "ዓሣ ካልገዛሽልኝ" ብሎ ያለቀሰባት እናት ናት። ሁለት ጎልድፊሽ፣ አንድ ክብ ብርጭቆ፣ ቀለም የተቀባ ጠጠር፣ አንድ ጣሳ ምግብ ትገዛለች። (ክቡ ብርጭቆ ለዓሣ ደግ አይደለም። እነግራታለሁ፣ አትሰማኝም።) በወሩ ለምግብ ትመለሳለች። ሌላው ካፌና ሆቴል ነው፤ ገንዳ አስቀምጦ በየሁለት ሳምንቱ አጽዳልኝ የሚል። ኪራዬን የሚከፍሉት እነዚህ ናቸው። አንተ ስትመጣ ደስ ይለኛል፣ ጨዋታህ ይጥመኛል። ኪራይ ግን አትከፍልም።

ቅር አይበልህና፣ እንዳንተ ያለ አንድ ደንበኛ አለኝ። በሃይላንድ የገንዳውን ውሃ ይዞ ይመጣል። "ጋሼ እስቲ ናይትሬቱን ይዩልኝ" ይላል፣ ከዓሣ ቆሻሻ የሚጠራቀመውን ማለቱ ነው። አይለታለሁ። የመለኪያዬ ጠብታ ይጎድላል። ሰዓት ሙሉ እናወራለን። የሚያወራው እኔ የማላውቀውን ሁሉ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ከኔ ይበልጣል። ከዚያ አመስግኖ ይሄዳል። ዕቃውን ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ያመጣለታል። የሚገዛኝ የማጣሪያ ስፖንጅ ነው።

አንድ ጊዜ ሞክሬው ነበር። ከአዲስ አበባ 12 ቁራጭ ለስላሳ ኮራል አስመጣሁ። ለሱ ብቻ የሚሆን ገንዳ ለየሁ፣ ምክንያቱም የዓሣዎቹ ውሃ መዳብ ያለበት ነው። የሱቄ መብራት ነጭ ነው። ሰው ስልኩ ላይ ያየው ኮራል በሰማያዊ መብራት የተነሳ ነው፣ አረንጓዴውና ብርቱካኑ ያበራል። እኔ ጋ ሲያየው ቡናማ ነገር ነው። አንዲት ሴትዮ "ይሄ ስፖንጅ የሚሸጥ ነው?" አለችኝ። ሰማያዊ አምፖል ገጠምኩ። ልጆች ገብተው ፎቶ እየተነሱ ወጡ።

ሦስቱ ተሸጡ። ሦስቱንም የገዛው አንድ ሰው ነው። አራቱ ሞቱ። የቀሩት ሲያድጉ ሌላ ገዢ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ያ ሰውዬ ለካ እየቆረጠ ለጓደኞቹ እየሰጠ ነው። በዓመቱ ጎንደር ውስጥ ያለው እንጉዳይ ኮራል አብዛኛው ከኔ የገዛው የአንዷ የልጅ ልጅ ሆነ። ጎልድፊሽ ቆርጠህ ለጓደኛህ አትሰጥም። ኮራል ትሰጣለህ። የኔ ንግድ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።

ስለ መዳቡ ልክ ነህ፣ ሊነገርህ ይገባ ነበር። ግን የከረጢት ውሃ ገንዳ ውስጥ አይገለበጥም። ዓሣውን በመረብ ታወጣለህ፣ ውሃውን ትደፋለህ። ይሄ የጎልድፊሽም ሕግ ነው። ልጁንም አትቀየመው። አንድ ልጅ ይሄን ሥራ ለማወቅ ስድስት ወር ይፈጅበታል፤ ባወቀ ማግስት የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ይሄዳል።

ወረቀቱ ይሠራል ግን።

ዝም_ብዬ_አነባለሁ፦

"ወረቀቱ ይሠራል ግን" 😂 አለቀ። ባለቤቱ ተገኘ።

ኖራ_በውሃ፦

ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ? በመድኃኔዓለም፣ ምን ልበል አሁን።

የናይትሬቱ ሰውዬም እኔ ነኝ። አፍሬያለሁ።

የአዘዞውና የቀበሌ 18ቱ ልጆች ደግሞ እርስዎ ጋ ሊገዙ ሲሉ "ቆይ እኔ እሰጣችኋለሁ" ያልኳቸው ናቸው። ስሰጥ ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ባለገንዳው፦

ደግ ሰውማ ነህ። እኔን ነው የጎዳኸኝ እንጂ እነሱን አይደለም።

ዲሲ_ነኝ፦

ከማዶ ልግባ። ሰው አሜሪካ ሲባል ሁሉ የተሟላ ይመስለዋል። እዚህ ትምህርት ላይ እያለሁ ሁለት ዓመት የዓሣ ሱቅ ውስጥ በትርፍ ሰዓት ሠርቻለሁ። ባለገንዳው የጻፉትን ሳነብ አለቃዬ አማርኛ የለመደ መሰለኝ።

ኮራል ወዳዱ እዚህም ሱቅ የሚመጣው ለማየት ነው። የሚገዛው ኢንተርኔት ላይ ነው፣ በማግስቱ በሩ ላይ ይደርስለታል። ወይ ደግሞ ወዳዶች ቁራጭ ይዘው በሚገናኙበት የቅዳሜ ገበያ ይለዋወጣል። ሱቁ ግን ኮራሉን እስኪሸጥ መብራት ያበራል፣ ጨው ይቀይራል፣ የሞተውን ይጥላል። በዚያ ላይ የወዳዱ ፍላጎት በየስድስት ወሩ ይቀየራል። ዓምና የፈለገውን ዘንድሮ ብታመጣለት "እሱማ አሮጌ ነው" ይልሃል። ሁሉም ደግሞ የሚፈልገው የተለየ ነው። አሥር ጎልድፊሽ ገዢ አንድ ዓይነት ዓሣ ይገዛል። አሥር ኮራል ወዳድ አሥር ዓይነት ይጠይቃል።

እኛን ያኖረን የጥርስ ሐኪም ቤት ገንዳ ማጽዳት ነበር። አለቃዬ ኮራል የሚያስቀምጠው ስለሚወደው ነው። ሚስቱ "ያንተ ልጆች" ትላቸው ነበር፣ ትርፍ ስለማያመጡ።

አቅርቦቱም ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢንዶኔዥያ ኮራል ወደ ውጭ መላክ አቁማ ነበር፤ እስከ 2020 ገደማ ነው የቆየው። ያኔ የሱቃችን ግማሽ መደርደሪያ ባዶ ሆነ። እዚህ እንዲህ ከሆነ ጎንደር ላይ ምን ይጠበቃል?

አዲስ_ሪፍ፦

አቅርቦት ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል።

ጠንካራው ኮራል ሁሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት፣ በሳይተስ፣ አባሪ 2 ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። ስለዚህ "ዘመዴ በሻንጣ ይዞልኝ ይምጣ" የሚባል አክሮፖራ የለም። ከላኪው አገር ፈቃድ ይዞ ነው የሚመጣው። እዚህ ጉዳዩን የያዘው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የእንጉዳይ ኮራል፣ ዞአንቲድና ዜንያ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም፣ ግን ሕያው እንስሳ እስከሆኑ ድረስ በጉምሩክ ማሳወቅ ግድ ነው።

አሁን አንድ የጎንደር ባለሱቅ አስቡ። ለስድስት ቁራጭ አክሮፖራ ያን ሁሉ ወረቀት ይጨርሳል? ኮራል የሚጫነው ከነውሃው ነው፤ የአውሮፕላን ጭነት ደግሞ በኪሎ ነው። ከአንድ ካርቶን ውስጥ የሚበዛው ኪሎ ውሃ ነው። አዲስ አበባ ደርሶ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ እንደገና በአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ። ከረጢት ውስጥ ሁለተኛ ቀኑን የያዘ ኮራል ከዚያ በላይ እንዲጠብቅህ አትፈልግም።

ፊዚክስ_ማራኪ፦

መምህር ስለሆንኩ ከቁጥር አላመልጥም፣ ይቅር በሉኝ። ከፍታውን ማንም አላነሳም።

ጎንደር ከባህር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ በባህር ዳርቻ ካለው 77 በመቶ አካባቢ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ጨው የሌለው ውሃ ባህር ዳርቻ ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ጨው ሲገባበት ወደ 7 ይጠጋል። ጎንደር ስታመጡት 5 ገደማ ነው። ባህር ዳርቻ ስል እንግዲህ ምጽዋን እንጂ ባሕር ዳር ከተማን አይደለም።

ፓምፑ ውሃውን እያማሰለ እስካለ ችግር የለም። መብራት ሲሄድ ነው ጉዱ። ሌላ አገር ያለ ሰው "ፓምፕ ቢቆም ለጥቂት ሰዓት ችግር የለውም" ብሎ የጻፈውን አንብበህ እንዳትዝናና። አንተ የምትጀምረው ከታች ነው። ሌሊት ደግሞ ብርሃን ስለሌለ አልጌውም ኦክስጅን አይሠራም፣ ይተነፍሳል እንጂ።

ባለሱቅ ይሄን በአንድ ገንዳ ሳይሆን በሃያ ገንዳ ነው የሚያስበው።

ባለገንዳው፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ለኢንቨርተሩ ያወጣሁትን ብር እስከ ዛሬ አልማረችኝም ነበር።

አራቱ ኮራሎች የሞቱት እንደዚያ ነው። ማታ 3 ሰዓት መብራት ሄደ። እኔ ቤቴ ነኝ። ይመጣል ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍት ሽታው በሩ ላይ ተቀበለኝ። ጎልድፊሾቹ ግን ላይ ላዩን እየዋኙ "ምግብስ?" ይሉኛል።

የጣና_ማዶ፦

እኔ ኮራሉን ትታችሁ ለምን የአገራችሁን ዓሣ አትይዙም ብዬ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ጣና አጠገባችሁ ነው። በዓለም ላይ የትም የሌሉ 15 ገደማ ዓይነት ላቤዮባርበስ (የባርበስ ወገን ዓሦች) ያሉበት ሐይቅ ነው። ጎርጎራ እንኳ ስሟን ለአንዱ ሰጥታለች።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኤድዋርድ ሩፐል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው ነበር። የቀይ ባሕርን ዓሣ ሲያጠና ቆይቶ በምጽዋ ገባና እ.ኤ.አ. በ1832 እና 1833 ጎንደር ኖረ። ከጣና ዓሦች ለአንዳንዶቹ መጀመሪያ ሳይንሳዊ ስም ያወጣው እሱ ነው፤ "በሶ" የምንለውን ዓሣ በዚያው በበሶ ስሙ መዘገበው። ስለዚህ ጎንደር ተቀምጦ ስለ ኮራል ባሕር የሚያስብ ሰው እናንተ መጀመሪያ አይደላችሁም።

ኖራ_በውሃ፦

ታሪኩን ወደድኩት። ግን የጣና ባርበስ ክንድ የሚያክል ዓሣ ነው። 90 ሊትር ውስጥ ባስገባው መዞሪያ እንኳ አያገኝም። ደግሞ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ወንዝ ሲወጡ በመረብ እየተጠረጉ ቁጥራቸው እየተመናመነ ነው፣ እኔ ልጨምርበት? ጣናዎቹ ጣና ይኑሩ።

ፋርማሲስቷ፦

ውይይቱን አላቋርጥም፣ ግን ዞአንቲድ ይዤ ቆርጬ ሰጠሁ የሚል ሰው ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንዳንዱ ዞአንቲድ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለው። ስትቆርጡ ጓንትና መነጽር አድርጉ። ጭማቂው ዓይን ውስጥ ይፈናጠራል። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ አትንኩት። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ዞአንቲድ ያለበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብላችሁ እንዳትቀቅሉ! እንፋሎቱን የተነፈሰ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት ጊዜ አለ። ትኩሳት፣ ሳል፣ የጡንቻ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር ካያችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ኮራል እንደነካችሁም ንገሩ። ማርከሻ መድኃኒት የለውም።

ባለሱቅ ይሄን ሳይናገር ከሸጠ ቅር ይለኛል። ሱቁ ከሌለ ደግሞ ማን ይናገር? ያ በነፃ ቆርጦ የሚሰጠው ጓደኛ ነግሯቸዋል?

ኖራ_በውሃ፦

አልነገርኳቸውም። አሁን ደወልኩ። የአዘዞው ልጅ ባዶ እጁን ሁለቴ ቆርጧል፤ ደህና ነው፣ ጓንት ይገዛል።

ሰሙና_በር፦

ኖራ፣ ስምህ ግን ለምን ኖራ ሆነ?

ኖራ_በውሃ፦

ጠንካራ ኮራል ያላቸው ሰዎች ካልሲየም ለመጨመር "ካልክዋሰር" የሚሉትን ይጠቀማሉ። በየጠብታው ገንዳው ውስጥ ይንጠባጠባል። ምን ይሆን ብዬ ሳነብ ለካ በጀርመንኛ የኖራ ውሃ ማለት ነው! የፋሲልን ግንብ ድንጋይ ከድንጋይ ያያያዘው ያው ኖራ። ሳቄን አልቻልኩትም። የግንብ አገር ልጅ ሆኜ ኖራ ከጀርመን ላስመጣ?

ግን የግንበኛውን ኖራ እንዳትሞክሩ። ንጹሕ አይደለም፣ ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ንጹሑም ቢሆን የሚያቃጥል ነገር ነው፤ አንዴ ብዙ ከገባ ገንዳውን ይጨርሳል። እኔ ስሙን ብቻ ነው የወሰድኩት።

እናቴን አወራችኋለሁ ብዬ ነበር። የቧንቧ ውሃ ለኮራል በቀጥታ ስለማይሆን በአርኦ ማጣሪያ (ውሃውን በጣም ስስ ሽፋን እያሳለፈ ጨውና ቆሻሻውን የሚለይ) አሳልፈዋለሁ። ማጣሪያው አንድ ሊትር ንጹሕ ለመስጠት ሦስት አራት ሊትር ይጥላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይሄን ስታይ እናቴ ምን እንዳለች ገምቱ። "የፋሲለደስ መዋኛ እንኳ ለጥምቀት ብቻ ነው የሚሞላ፣ ያንተ በየሳምንቱ!" አለችኝ። አሁን የሚጣለውን በጀሪካን አጠራቅማለሁ፣ ልብስ ይታጠብበታል። ታረቅን። ማለት፣ በግማሽ።

ባለገንዳው፦

ልጄ፣ አንድ ነገር አሰብኩ።

ኮራል እኔ አላመጣም። ያንን እናንተ እርስ በርሳችሁ ተለዋወጡ፣ እኔ አልከለክልም፣ ብከለክልም አትሰሙኝም። ጨው ግን ቆርጣችሁ አታራቡም። እኔ ማጣሪያ አለኝ፣ ውሃ ሲመጣ ሮቶዬን እሞላለሁ። ጨው የተበጠበጠ ውሃ በ20 ሊትር ጀሪካን ብሸጥላችሁ የሚገዛ አለ? ጨዉን ብቻ የሚፈልግ በኪሎ ይውሰድ። አንድ ባልዲ ለአንተ ብቻ ከዓመት በላይ ነው። ለአምስት ሰው ግን ሦስት ወር አይቆይም፣ አይጋገርብኝም።

ግማሹን ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ። የናይትሬት ምርመራም ከዛሬ ጀምሮ ይከፈልበታል።

ኖራ_በውሃ፦

አለሁበት ጋሼ። 5 ኪሎ። የምርመራውንም የኋላውን እከፍላለሁ፣ ስንት ጊዜ እንደመጣሁ ግን አይቁጠሩ።

ባለገንዳው፦

ቆጥሬያለሁ።

ፊዚክስ_ማራኪ፦

እኔ ገንዳ የለኝም ብዬ ነበር? አለኝ፣ 60 ሊትር። ባለቤቴ ይሄን ቤት ስለማታነብ ልናገር። 2 ኪሎ።

ኖራ_በውሃ፦

የአዘዞውና የቀበሌ 18ቱ 4 ኪሎ 4 ኪሎ ብለዋል፣ አሁን ደወልኩላቸው። 15 ደርሰናል። 5 ይቀራል።

ሰሙና_በር፦

እኔ ገና ገንዳ ልገዛ ነኝ። 5 ኪሎውን ጻፉኝ። ጋሼ፣ ገንዳውንም ከእርስዎ ነው የምገዛው። ክቡን አይደለም።

ባለገንዳው፦

ተመስገን። ባልዲው ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ።

ዝም_ብዬ_አነባለሁ፦

እናትህስ ምን አሉ?

ኖራ_በውሃ፦

ባልዲው ክዳን አለው ወይ ብላ ጠየቀች። አለው አልኳት። "ባዶውን ለኔ ንገራቸው፣ ለበርበሬ ይሆነኛል" አለች። ጋሼ፣ ባዶውን ለሷ ይያዙልኝ።